እያየ የሚማር መሣሪያና አርአያው

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚባለው ጥበብ ስለ አንዱ ክፍል ነው። ይኸውም የሰውን ሥራ እየተመለከተ፣ ያየውንም እየመሰለ ስለሚማረው መሣሪያ ነው። ስለ ጥቅሙ ብዙ ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። እኔ በዚህ ሰዓት የምመረምረው ግን ደካማ ጎኑን፣ ማለት ክፉ ሰው ሊገባበት የሚችለውን በር ነው። ጉዳዩን የመረጥሁበት ምክንያት አንድ ነው። ይህ መሣሪያ ወደ መሥሪያ ቤት በገባ ጊዜ አስተማሪዎቹ እኛው የመንግሥት ሠራተኞች እንሆናለን፤ መዝገባችን መማሪያ መጽሐፉ፣ ልማዳችንም ትምህርቱ ይሆናል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። የቀድሞው ኮምፒዩተር «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» እየተባለ በተጻፈ ደንብ የሚታዘዝ ነበር። ስሕተት ሲገኝ ደንቡን ገልጦ ማንበብ፣ የተሳሳተውንም መስመር ማረም ይቻላል። ነገር ግን ሰው አሳምሮ እየሠራው ደንቡን በቃል ሊያስረዳው የማይችለው ሥራ ብዙ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ በልክ መጋሉን በምን እንዳወቀች ብትጠየቅ፣ ቁጥር አትነግረንም፤ «ተመልከቱ» ብላ ታሳየናለች እንጂ። ሊቃውንቱም ይህን ተረድተው «ደንቡን መጻፍ ካልተቻለ ሥራውን ለመሣሪያው እናሳየው» አሉ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር፣ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ፣ ዲን ፖመርሎ የተባሉ ተመራማሪ አልቪን የሚባል መሣሪያ ሠርተው አስታወቁ። መሣሪያው በአውቶሞቢል ላይ ተጭኖ ከፊት ያለውን መንገድ በካሜራ ይመለከት ነበር። የሚያየውም ሥዕል እጅግ አነስተኛ ነበር፤ በአንድ ወገን 30፣ በሌላው ወገን 32 ነጥብ ብቻ። ሾፌሩ ሲነዳ፣ የመንገዱን መልክ ከመሪው አዟዟር ጋር እያዛመደ ተማረ፤ ከዚያም በኋላ መሪውን ራሱ ይዞ መንገዱን ጠብቆ ለመሄድ ቻለ። ዛሬ አውቶሞቢል የሚነዱት፣ በፋብሪካ ዕቃ የሚያነሡት፣ የሰውንም ንግግር መስለው የሚጽፉት መሣሪያዎች በብዛት የዚህ የመምሰል ትምህርት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ደካማነቱ የሚመጣው ከወዴት ነው? ሦስት ነገሮችን ለይቼ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ጥሩ አርአያ ራሱ የሚሸሽገው ነገር መኖሩ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ ከደጋው ተነሥቶ ፎገራ ሜዳ እስኪደርስ ድረስ ምን ያህል ቁልቁለትና ጠመዝማዛ እንዳለበት ያስታውሳል። አንድ ረዳት ከተመሰከረለት ሾፌር አጠገብ ተቀምጦ አንድ በጋ ሙሉ ቢመለከት፣ በትክክል መንዳትን ያያል፤ ነገር ግን ሾፌሩ አንድ ቀን እንኳ አልተንሸራተተምና ከተንሸራተቱ በኋላ እንዴት እንደሚመለሱ አያይም። ክረምት ገብቶ ጎማው ወደ ገደሉ ዳር በሳተ ጊዜ፣ ረዳቱ ከዚህ ቀደም ባላየው ቦታ ላይ ይገኛል። ባላየው ቦታ ላይ ስለሆነም ሁለተኛ ይሳሳታል፤ ሁለተኛው ስሕተት ወደ ባሰው ቦታ ይወስደዋል።

ይህን ችግር ፖመርሎ ራሳቸው ከመጀመሪያው አይተውታል። መፍትሔ ይሆን ዘንድ ካሜራው የሚያነሣውን ሥዕል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዛወሩ፣ አውቶሞቢሉ የሳተ አስመስለው ለመሣሪያው አሳዩት፤ የመመለሻውንም መንገድ አስተማሩት። በ2011 ዓ.ም. ሮስ፣ ጎርደንና ባግኔል የተባሉ ሊቃውንት ነገሩን በሒሳብ አስረዱ። በመምሰል ብቻ የተማረ መሣሪያ በየእርምጃው የሚሠራው ስሕተት ትንሽ እንኳ ቢሆን፣ በክፉው አጋጣሚ ጉዞው በእጥፍ ሲረዝም የስሕተቱ ድምር እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

አድማጮቼ «ይህ የችሎታ ማነስ ነው እንጂ የጸጥታ ጉዳይ ምኑ ላይ ነው?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፤ ተንኮለኛ ሰው መሣሪያውን ሰብሮ መግባት አያስፈልገውም። ከለመደው መንገድ ጥቂት ገፋ ቢያደርገው ይበቃዋል፤ የቀረውን መሣሪያው ራሱ ይፈጽመዋል። በ2019 ዓ.ም. ቴንሰንት የተባለው የቻይና ኩባንያ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ጥቂት ትናንሽ ተለጣፊ ምልክቶችን አኑረው፣ ራሱን የሚመራ የቴስላ አውቶሞቢል የሌለ መስመር ያለ መስሎት ወደ ተቃራኒው የመንገድ ክፍል እንዲያዘነብል ለማድረግ መቻላቸውን አሳይተዋል። ሰው ቢሆን ኖሮ ምልክቶቹን ከቁም ነገር ሳይቈጥር ባለፈ ነበር።

ሁለተኛው ደካማነት ምልክትን ከምክንያት ለይቶ አለማወቅ ነው። መሣሪያው ሠራተኛው ያደረገውን ያያል፤ ለምን እንዳደረገው ግን አይነገረውም። በ2019 ዓ.ም. ደ ሃን፣ ጃያራማንና ሌቪን የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በግልጥ ምሳሌ አስረድተዋል። ሾፌሩ እግረኛ አይቶ ፍሬን ሲይዝ በፊቱ ያለች ትንሽ መብራት ትበራለች እንበል። መሣሪያው ሁለቱን አንድነት እያየ ቢማር «መብራቷ ስትበራ ፍሬን መያዝ ይገባል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። መብራቷ የፍሬኑ ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለችም። ብቻውን በነዳ ጊዜ ግን እግረኛው ፊቱ ቆሞ ሳለ፣ መብራቷ አልበራችምና ዝም ብሎ ያልፋል።

የዚህ ዐይነቱ ፍርድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን ከአሞሌው ጨው ጋር የሚሠራበት ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ በሕዝቡ አጠራር ጠገራ ነበር። በአገራችን ገበያዎች ሻጩ ብሩን ከመቀበሉ በፊት በንግሥቲቱ ራስ ጌጥና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ይመለከት ነበር፤ ፍሬዎቹ የደበዘዙ ወይም የጐደሉ እንደሆነ ብሩን ይመልሳል። ጥንቃቄው መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሚመረመረው መልኩ ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 ዓ.ም. ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ይመታ ነበር፤ በ1935 ዓ.ም. ኢጣሊያ የማተሚያውን ቅርጽ ከአውስትሪያ ተቀብላ በሮማ አስመታችው፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን መመታት ጀመረ። ፍሬዎቹ ልክ ነበሩ፤ የሚቈጥረውም ሰው ከወዴት እንደ መጣ ሊያውቅ አይችልም ነበር። በዚያ ጊዜ ብሩ እውነተኛ ብር ስለ ነበረ ሻጩ አልተጐዳም። ምልክቱን ብቻ የሚያይ ዳኛ ግን ምልክቱን አስመስሎ ለሠራ ሰው ሁሉ በሩ ክፍት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ወደ መሥሪያ ቤታችን እንመልሰው። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የ10 ዓመት መዝገቡን ለመሣሪያ አሳይቶ፣ የባላገሩን ማመልከቻ እየለየ የሚያቀርብ ረዳት ሊያደርገው አሰበ እንበል። በመዝገቡ ውስጥ የተፈቀደላቸው ማመልከቻዎች በአብዛኛው በመኪና የተጻፉ፣ የተከለከሉትም በአብዛኛው በእጅ የተጻፉ ቢሆኑ፣ መሣሪያው የሚማረው ምንድን ነው? የጉዳዩን እውነት ሳይሆን የወረቀቱን መልክ ሊማር ይችላል። እውነት ያላት መበለት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ስትመለስ፣ ሐሰተኛው ነገሩ ገብቶት ባማረ ጽሕፈት ያቀርብና ያልፋል። ይህ ሲሆን ማንም ጉቦ አልተቀበለም፤ ማንም በር አልሰበረም፤ ፍርድ ግን ጠፍቷል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው አርአያው ራሱ መመረዙ ነው። አበው «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በ2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች የመንገድ ምልክት የሚያነብ መሣሪያ ሲያስተምሩ፣ ከትምህርቱ መካከል ጥቂት የተበላሹ ምሳሌዎችን ሆን ብለው ጨመሩ። «ቁም» የሚለው ምልክት ቢጫ ቁራጭ ወረቀት የተለጠፈበት እንደሆነ መሣሪያው የፍጥነት ወሰን አድርጎ እንዲያነበው አስለመዱት። መሣሪያው በሌላው ጊዜ ሁሉ በትክክል ያነብ ነበር፤ ስለዚህ በተራ ፈተና ማንም ሊነቃበት አይችልም። ከመሥሪያ ቤታቸው አጠገብ ባለ እውነተኛ ምልክት ላይ ቢጫዋን ወረቀት ለጥፈው ፎቶግራፍ ባነሡ ጊዜ ግን መሣሪያው «ቁም» የሚለውን የፍጥነት ወሰን ነው ብሎ አነበበው።

«ከብዙ ሚሊዮን ምሳሌ ውስጥ ጥቂት ቢበላሽ ምን ይጐዳል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በ2025 ዓ.ም. አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ፣ ከእንግሊዝ መንግሥት የኤአይ ሴኩሪቲ ኢንስቲትዩትና ከአለን ቱሪንግ ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ይህንኑ መርምሯል። በመጠናቸው በጣም የሚለያዩ የቋንቋ መሣሪያዎችን ወስደው፣ በትምህርታቸው መካከል 250 ያህል የተመረዙ ጽሑፎችን ቢጨምሩ፣ ትንሹም ትልቁም መሣሪያ አንድ የተወሰነ ቃል ባየ ቍጥር ትርጕም የሌለው ነገር እንዲቀባጥር ሆነ። የተሞከረው ጉዳት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የተገኘው እውነት ቀላል አይደለም። መሣሪያው ብዙ መማሩ ብቻውን ከጥቂት መርዝ አላዳነውም።

አንዳንድ ጊዜ ተንኰሉ በምሥጢር መደረግ እንኳ አያስፈልገውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ቴይ የሚባል ከሰው ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ለሕዝብ አቀረበ። መሣሪያው ከሚያነጋግሩት ሰዎች እየተማረ ይመልስ ስለ ነበር፣ ክፉ ሰዎች ተሰብስበው ስድብና ጥላቻ አስተማሩት። ኩባንያው በአንድ ቀን ውስጥ ሊያነሣው ተገደደ። ልጅም ቢሆን ከዋለበት ይማራል፤ ልጅን ግን የሚቈጣ ወላጅ አለው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። የሚመስል መሣሪያ ያየውን ይደግማል፤ ያየው ምሥጢር እንደሆነም ምሥጢሩን ይደግማል። በ2021 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት ጂፒቲ 2 ከተባለው የቋንቋ መሣሪያ፣ ብልኀት ባለው ጥያቄ ብቻ፣ ሲማር ያነበባቸውን ከ600 በላይ የጽሑፍ ቁራጮች ቃል በቃል ለማውጣት እንደ ተቻለ አሳይቷል፤ በመካከላቸውም የሰዎች ስምና የስልክ ቍጥር ነበረበት። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ እነዚህን የቋንቋ መሣሪያዎች ከበቀቀን ጋር አመሳስለዋቸዋል። በቀቀን የጌታውን ቃል ሲደግም ቃሉ ምን እንደሆነና ማን መስማት እንደሚገባው አይመረምርም። የሕዝብን አቤቱታ፣ የሕመም መዝገብና የፍርድ ቤት ፋይል የሚጠብቅ ሠራተኛ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

በአገራችንም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. ለዚሁ ሙያ የመንግሥት ማዕከል ተቋቁሟል፤ ዛሬም ኢንስቲትዩት ሆኖ ይሠራል። በሌላ በኩል በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ለመሣሪያ የሚቀርበው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በጥቂቱ ላይ መርዝ የሚጨምር ሰው ድካሙ ያንሳል፤ ጨማሪውንም የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው በእኛ ዘንድ ከሌላው አገር ሊበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መምሰልን ከነጭራሹ እንተወው ማለት አይቻልም፤ ሰውም ቢሆን የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው በመምሰል ነውና። ጥያቄው መምሰል እንዴት ይጠበቅ የሚለው ነው። ለዚህም ከይፋግ ብዙም ሳንርቅ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በጋይንት ምድር ያለችውን ቤተ ልሔምን እንመልከት። ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት የሚመሰከርባት ስፍራ ናት። የድጓው ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየሰማ፣ የሰማውንም እየደገመ ይማራል፤ ከመምሰል በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበተን የኖረው በሦስት ጠባቂዎች ነው።

አንደኛው ጠባቂ መጽሐፉ ነው። ከማን እንደ ተቀዳ የማይታወቅ መጽሐፍ ለተማሪው አርአያ ሊሆነው አይችልም፤ ከታመነው ቅጅ ጋር መተያየት አለበት። በእኛም መሥሪያ ቤት ለመሣሪያው የሚቀርበው እያንዳንዱ መዝገብ ከወዴት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሰበሰበው፣ መቼ እንደ ተለወጠ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ደብዳቤ ያለ ቍጥርና ያለ ፊርማ መዝገብ ቤት እንደማይገባ ሁሉ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ምሳሌም ወደ መሣሪያው መግባት የለበትም። ለመሣሪያው ትምህርት የማያስፈልግ የሰው ስምና ምሥጢርም አስቀድሞ ይውጣ።

ሁለተኛው ጠባቂ እርማቱ ነው። መምህሩ አሰምቶ ብቻ አይሄድም፤ ተማሪው ራሱ ሲያዜም ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ በሳተበትም ቦታ ላይ ያቆመውና ያቀናዋል። ቀደም ብዬ ስማቸውን የጠራኋቸው ሮስና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. ያቀረቡት መፍትሔም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ነው፤ መሣሪያው ራሱ ይንዳ፣ በሄደበትም ቦታ ሁሉ አዋቂው «እዚህ ላይ እንዲህ ማድረግ ይገባህ ነበር» እያለ ያርመው፣ እርማቱም በትምህርቱ ላይ ይጨመር አሉ። ስለዚህ መሣሪያ ገዝቶ፣ መዝገብ አሳይቶ፣ ቁልፉን ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛው ጠባቂ ምስክሩ ነው። በሌላ ቦታ የተማረው ሰው «አውቄአለሁ» ብሎ አይቀርም፤ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ባላስተማሩት ሊቃውንት ፊት ይፈተናል። መሣሪያውንም የሠራው ኩባንያ ብቻ ቢመረምረው፣ ተማሪ ራሱን እንደ መረቀ ይቈጠራል። ሌላ ወገን፣ ያልለመደውን ጥያቄ ይዞ፣ እንደ ተንኰለኛ ሆኖ ይፈትነው፤ በእጅ የተጻፈውን ማመልከቻ በመኪና አስጽፎ፣ በመኪና የተጻፈውንም በእጅ ገልብጦ ያቅርብለት። ፍርዱ ከወረቀቱ ጋር አብሮ የተለዋወጠ እንደሆነ፣ መሣሪያው ያወቀው ወረቀቱን ነው።

እርግጥ ምሳሌው ፍጹም አይደለም። የድጓው ተማሪ ከጊዜ በኋላ «ይህ ለምን እንዲህ ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱንም ሲያውቅ ከመምሰል ወደ ማወቅ ይሻገራል። መምህሩም በተማሪው ፊትና በሕዝቡ ፊት ስሙ ያለበት ሰው ነው። መሣሪያው ግን ስሕተት በሠራ ቀን የሚያፍርበት ፊት የለውም። ስለዚህ የመጨረሻው ኀላፊነት የሚቀረው ሰው ላይ ነው። በመሣሪያ የተደገፈ ውሳኔ ሁሉ የፈራሚ ስም ሊኖረው፣ ባለጉዳዩም «ምክንያቱ ይነገረኝ» ብሎ የሚጠይቀው ሠራተኛ ሊያገኝ ይገባዋል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ ከእኛ ይጠበቃል። ነገ የሚመጣው መሣሪያ የሚማረው ዛሬ በጠረጴዛችን ላይ ከሚሆነው ነገር ነው። ዛሬ ያለ ምክንያት የምናዘገየው ማመልከቻ፣ በዝምድና የምናሳልፈው ፋይል፣ ሳናነብ የምንፈርምበት ወረቀት፣ አንድ ቀን ትምህርት ሆኖ ይደገማል። ያን ጊዜ የሚደግመው የማይደክም፣ የማይጠይቅ፣ በአንድ ቀን የሺህ ሰው ጉዳይ የሚጨርስ መሣሪያ ይሆናል። ሰነፍ ጸሐፊ አንድን ባላገር ቢበድል በደሉ በዚያው ወረዳ ይቀራል፤ የእርሱን ልማድ የተማረ መሣሪያ ግን በደሉን በየወረዳው ያደርሰዋል። እንግዲህ መዝገባችንን ስናጠራ ለመሣሪያው የሚሆነውን አርአያ ማጥራታችን ነው። ይህንንም ማንም ባለሙያ ከውጭ መጥቶ ሊሠራልን አይችልም፤ ብዕሩ በእጃችን ነውና።